ሰሙን ሳያዩ ወርቁን መፈለግ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ የነሐሴ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ሦስቱም ከጎንደር የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ለበዓል ወይም ለዕረፍት ከቤት ወጣ ሲባል በሐይቅ ዳር፣ በተራራና በሜዳ ከሚታየው ነገር የክርስትና ትምህርት እንዴት እንደሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ ቢሆንም ሰላምታውን ብቻ አሳጥረን እንዳለ አትመነዋል።

ጥያቄ፦

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዘዞ ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ እሑድ እሑድም በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ባለፈው ጥቅምት ባለቤቴ የሁለት ቀን ዕረፍት ስላገኘ ልጆቹን ይዘን በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወረድን። እኔም እንደ ልማዴ ያየነውን ሁሉ ወደ ትምህርት እየመለስሁ፣ ሐይቁን ሳይ ጌታ በባሕር ላይ መራመዱን፣ ታንኳውን ሳይ የጴጥሮስን መረብ፣ ዛፉን ሳይ ዘኬዎስን እያነሣሁ ነገርኋቸው። እኩለ ቀን ላይ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ‹እማዬ፣ ዛሬም ሰንበት ትምህርት ቤት ነው እንዴ?› አለኝ። አባቱ ሳቀ፤ እኔ ግን ቅር አለኝ። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከውኃው ዳር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አበባ ቀጥፋ አመጣችና ‹እግዚአብሔር እንዴት የሚያምር አበባ ሠራ!› አለች፤ እንዲህ ማለትን ያስተማርኋት እኔው ነኝ። አጠገባችን ተቀምጠው መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ አባት ግን ‹የኔ ልጅ፣ ጣይው፤ እሱ እምቦጭ ነው፤ መረባችንን የበላ፣ ጀልባችንን ያሰረ› አሏት። ልጅቷ አበባውን ሳትጥል ወደ እኔ ዞራ ‹እምቦጭንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው?› ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጥቼ ወደ መኪናው እንሂድ አልሁ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ‹ድሮም ሽርሽርና ሃይማኖት አይገናኙም› አሉ። ምን ብዬ ብመልስላት ይሻል ነበር?

እናት፣ ከአዘዞ»

መልስ፦

እኅቴ፣ አስቀድሜ የአማትዎን ነገር ላንሣ፤ በእርሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎንደር ለኖረ ሰው ከቤት ወጥቶ ሰማይ ሥር መዋልና ማደር ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም ማለት ያስቸግረዋል። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዱና በድንኳን ያድራሉ፤ ካህናቱ በማኅሌትና በቅዳሴ፣ ሕዝቡም ጋቢውን ተከናንቦ በሣሩ ላይ ሌሊቱን ያነጋሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ከተማው በሙሉ ከቤቱ የሚወጣው በቤተ ክርስቲያን ጥሪ ነው። አማትዎም በወጣትነታቸው እዚያ ሣር ላይ ሳያድሩ አልቀሩም፤ በዘዴ ቢጠይቋቸው የብርዱን ነገር ራሳቸው ያወሩልዎታል።

የታላቁ ልጅዎ ቅሬታ ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም፤ እውነት አለበት። በወጣትነቴ ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ቅኔ ለመቁጠር፣ ማለትም ለመድረስ፣ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ዛፍ ጥላ እንበታተን ነበር። አንድ ቀን በንብና በማር መስዬ ለእመቤታችን ምስጋና የሚሆን ጉባኤ ቃና የሚባል ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ቆጠርሁና በኩራት ይዤ ቀረብሁ። ንቧ ከአበባው ላይ ማር ቀድታ ስትሄድ የሚል ነበረበት። የኔታ ወርቁን፣ ማለትም የተሰወረውን ትርጉም፣ ሊሰሙ እንኳ አልፈለጉም። «ማር አበባ ላይ ተቀምጦ አይተሃል?» አሉኝ። ዝም አልሁ። «እንግዲያው ሂድና አይተህ ና» ብለው ከጎረቤታቸው ቀፎ ፊት ለፊት እስከ ሠርክ አስቀመጡኝ። እዚያ ያየሁት ከቆጠርሁት ሌላ ነበር፤ ከመስክ የሚመለሱት ንቦች በኋላ እግራቸው ቢጫ ዱቄት ጭነው ይገባሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የትም ሳይሄዱ በቀፎው አፍ ላይ ቆመው ክንፋቸውን ያለ ዕረፍት ያራግባሉ። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ማሩን ሳይሆን ቀጭን ጣፋጭ ፈሳሽ መሆኑን፣ ያም ማር የሚሆነው በቀፎው ውስጥ በብዙ ሥራ እንደሆነ፣ የአራጋቢዎቹም ድርሻ ውኃውን ማትነን እንደሆነ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በማግስቱ የቆጠርሁት ቅኔ ስለ ማር አልነበረም፤ በር ላይ ቆማ ስለምታራግበው ንብ ነበር፤ ወርቁም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሌሊቱን ቆመው ለሚያነጉት ሽማግሌ ዘበኛ ሆነ። እኒያን ሽማግሌ ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ይህን የማነሣው ሰምና ወርቅ ከሚለው ስም ጋር ሁላችንም ብንተዋወቅም ከየት እንደመጣ ስለምንዘነጋ ነው። አንጥረኛ መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከዚያም በእሳት አቅልጦ ሰሙን ያወጣና በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሳል። ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው፤ በሰሙ ላይ ያልተቀረጸ ነገር በወርቁ ላይ አይገኝም። እርስዎ በጎርጎራ ያደረጉት፣ በቅንነት ቢሆንም፣ ሰሙን ሳይቀርጹ ወርቅ ማፍሰስ ነበር። ሐይቁ ገና በልጆቹ ዓይን ሳይሞላ የገሊላ ባሕር ሆነባቸው፤ ዛፉ የምን ዛፍ እንደሆነ ሳይጠየቅ ዘኬዎስ ወጣበት። ጌታ ራሱ በተራራው ትምህርቱ ስለ ሜዳ አበቦች ሲናገር አስቀድሞ ያዘዘው «ልብ አድርጉ» ብሎ ነው፤ እንዴት እንደሚያድጉ ልብ አድርጉ አለ እንጂ ስማቸውን ጠርታችሁ ወደ ስብከት እለፉ አላለም። ስለ ቁራዎችም «ተመልከቱ» ነው ያለው። ደቀ መዛሙርቱም ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን በየቀኑ የሚያዩ ስለነበሩ ሰሙ በእጃቸው ነበር፤ የእኛ የከተማ ልጆች ግን ሰሙን ገና ማግኘት አለባቸው።

ለምሳሌ ያህል ታንኳውን እንውሰድ። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ተቆርጦ፣ ጠውልጎ፣ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይገጣጠማል። ደንገል ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ውኃ ላይ አስሮ አይተወውም፤ ጎትቶ ያወጣውና ፀሐይ እንዲያገኘው በቁሙ ያስደግፈዋል። ሳይደርቅ በላዩ ላይ ቢሠራበት እየከበደ ይሄዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ልጅዎ ያን የቆመ ታንኳ አይቶ «ለምን አቆሙት?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ባለቤቱ በደስታ ያስረዳው ነበር። እርስዎም በዚያች ሰዓት ስለ ሰንበት ዕረፍት አንዲት ቃል ባይተነፍሱ ይሻልዎታል። ከወር በኋላ አባቱ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ሲወድቅ፣ «ያ ታንኳ ትዝ ይልሃል?» ማለት ይበቃል። ምናልባትም ልጁ ቀድሞ ይለው ይሆናል።

አሁን ወደ ትንሿ ልጅዎ ጥያቄ ልምጣ፤ ሥነ መለኮት ተምረው የወጡ ሰዎችም እንዲህ ጥርት አድርገው የሚጠይቁት አልፎ አልፎ ነው። መልሱ «አዎ» ነው። እምቦጭን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ሌላ ፈጣሪ የለንም። ይህን ካሉ በኋላ ግን ሰሙን በትክክል ማየት ያስፈልጋል። የእምቦጭ የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ነው፤ እዚያ እርሱን የሚበሉ ነፍሳት ስላሉ በልክ ይኖራል። ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ያዳረሰው ሰው ሲሆን፣ ለመወሰዱ ትልቁ ምክንያትም ልጅዎ ያየችው ነገር፣ የአበባው ማማር ነበር። በጣና ላይ ጎልቶ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተስተዋለባቸው ስፍራዎች አንዱ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ነው። ማሳደጃውን የሚያገኘው ከተራቆተ መሬት ከሚታጠበው አፈር፣ ከማሳ ከሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ ከሚፈስሰው ቆሻሻ ነው። ውኃውን ሲሸፍን ብርሃኑና አየሩ ስለሚያንስ ዓሣው ይጎዳል፤ ጀልባና መረብም አያሳልፍም። የእኒያ አባት ምሬት ከዚህ የመጣ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ወደ እኛው ደጅ ይመለሳል። የፋሲለደስን መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው የቀሃ ወንዝ ነው። ቀሃ ከተማችንን አቋርጦ ከመገጭ ጋር ይገናኛል፤ መገጭም ወደ ጣና ይገባል። ጥር 11 ቀን ጠዋት ሊረጨን የምንጋፋበት ወንዝ፣ በሌላው ጊዜ የልብስ ሳሙናችንን፣ የፕላስቲክ ጠርሙሳችንንና ከየቱቦው የሚወርደውን ሁሉ ተሸክሞ ልጅዎ አበባውን ወደ ቀጠፈችበት ሐይቅ ይወርዳል። ስለዚህ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚመጥነው መልስ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦ «አዎ የእኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ፈጠረው፤ እውነትም ያምራል። ግን ቤቱ ሩቅ ነው፤ ወደዚህ ያመጣው ሰው ነው፤ ከእኛ ከተማ የሚወርደው ቆሻሻም ያወፍረዋል።» በኦሪት ዘፍጥረት አዳም በገነት የተቀመጠው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ሌላ ቀን ቢጨምሩላት ደግሞ ልጅቷ የምትይዘው ሰም አላት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። «ኃጢአት እንደ እምቦጭ ነው፤ ያምራል ግን ያፍናል» የሚለው ምሳሌ አፍ ላይ ቶሎ ይመጣል፤ እኔም ተጠቅሜበት አውቃለሁ። አሁን አልወደውም። አንደኛ፣ እግዚአብሔር መልካም እንደሆነ አይቶ የተወውን ተክል ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል፤ ሁለተኛና ዋነኛው ደግሞ የራሳችን እጅ ያለበትን ነገር ወደ ሌላ ነገር ምሳሌ እየለወጠ ከጥያቄው ያስመልጠናል። ልጅዎ የጠየቀችው ስለ ኃጢአት በጠቅላላው አልነበረም፤ ስለዚያ አበባ ነበር። እኒያን አባት ደግመው ካገኟቸው፣ ልጅቷ ራሷ ስለ መረቡ እንድትጠይቃቸው ይተዉአት።

ጥያቄ፦

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር በስሜን ተራሮች ሦስት ቀን በእግር ተጉዤ ነበር። ጨነቅ ከሚባለው ስፍራ ደርሰን ገደሉ አፋፍ ላይ ስቆም አለቀስሁ፤ እንዲህ ያለ ስሜት በቅዳሴ ላይ መጥቶልኝ አያውቅም። ያን እሑድ በጉዞ ላይ ስለነበርሁ አላስቀደስሁም። ከዚያ ወዲህም እውነተኛው ቤተ ክርስቲያኔ ተራራው ነው የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ይህ ስሕተት ነው?

ከማራኪ»

መልስ፦

ልጄ፣ ማልቀስህን ማንም አይነቅፍብህም፤ ምንም እንኳ ከ3,500 ሜትር በላይ ነፋሱም ቢሆን ያስለቅሳል። ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር እንደሚናገሩ ዳዊት ዘምሯል፤ ሲናገሩ ከሰማሃቸው መልካም። ጥያቄዬ ከሰማህ በኋላ ወዴት እንደሄድህ ነው።

ቅዱስ ያሬድን አስበው። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፉት ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲወጣ አየ። ይህን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። ብዙ ጊዜ የምናልፈው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው፤ ያሬድ ትሉን አይቶ ተነሣና ወደዚያው ወደ ሸሸው መምህር ቤት ተመለሰ። ከዛፉ ሥር ሌላ ትምህርት ቤት አልከፈተም። በሕይወቱ ማብቂያ ከአክሱም ወጥቶ፣ አንተ ወደቆምህበት ወደ ስሜን ሲመንንም ዜማውን ይዞ ነው የሄደው።

ጴጥሮስም በታቦር ተራራ ላይ ያንተው ስሜት ደርሶበታል። «በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው» ብሎ ሦስት ዳስ ሊሠራ ተነሣ። ወንጌላዊው ማቴዎስ እንደሚነግረን ግን ከተራራው እንደ ወረዱ የገጠማቸው ልጁ የታመመበት አንድ አባት ነበር። ያ አባት ታቦር ላይ አልነበረም፤ ተራራ ለመውጣትም ጊዜ አልነበረው። በቅዳሴ ላይ አጠገብህ የሚቆሙትም አብዛኞቹ እንደ እርሱ ያሉ ናቸው። ስሜት ያልመጣልህ አንድም ስለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ገደሉ አንተን ምንም አይጠይቅህም፣ እነርሱ ግን ይጠይቁሃል።

ስለ እሑዱ ቅዳሴ የምለው አጭር ነው። በደባርቅም ሆነ በተራሮቹ መንደሮች አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ሌላ ጊዜ ጉዞህን ስታሰናዳ እሑድ ጠዋት በአንዱ አጠገብ እንድትሆን አድርገህ አሰናዳው። በዚያውም ደግሞ ጅብራ የሚባለውን ተክል ልብ ብለህ እይ። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ሽቅብ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ወርቁን አልነግርህም፤ ቅኔ ቤት ብትሆን ኖሮ የኔታም አይነግሩህም ነበር።

ጥያቄ፦

«ጡረተኛ ነኝ። ክረምቱን ትምህርት ስለተዘጋ ሦስት የልጅ ልጆቼ ከእኔ ጋር ናቸው። ስሜንም ጎርጎራም ልወስዳቸው አቅሜ አይፈቅድም፤ የመኪናው ኪራይ ብቻ የወር ጡረታዬን ይበላል። ከዚሁ ከአራዳ ሳልርቅ ምን ላሳያቸው?

አያት፣ ከአራዳ»

መልስ፦

አባቴ፣ ጊዜው ራሱ ረድቶዎታል። ቤተ ክርስቲያናችን ክረምትን የምትከፋፍለው በሚታይና በሚሰማ ነገር ነው፤ በመጀመሪያ ዘርና ደመና፣ ቀጥሎ መብረቅና ነጐድጓድ፣ አሁን በነሐሴ ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች ይባላል። ጫጩቶቹ ወደ ፈጣሪያቸው እንደሚጮኹ፣ እርሱም እንደሚመግባቸው የሚናገረው መዝሙር የሚታሰብበት ወቅት ነው። አባቶች ለዘመን የቁራ ጫጩትን ስም ሲሰጡ ከቤት ወጥተው አይተዋል ማለት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጽር ይዘዋቸው ቢሄዱ ዛፉም ወፉም አለ፤ ውስጡን ገብተው በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ከማየታቸው በፊት ውጭ ተቀምጠው ለሩብ ሰዓት ያህል የወፎቹን ድምፅ ብቻ ይስሙ። የትኛው ወፍ የት እንደተቀመጠ መጀመሪያ ለለየ ልጅ ቆሎ ይሸልሙ።

ደግሞም ቡሄ ደርሷል። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ስለሆነ ከላይ ለወጣቱ የተነገረውን የጴጥሮስን ነገር ለእነርሱም ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድመው ጅራፍ ያስገምዷቸው። የጅራፉ ጩኸት በታቦር ደቀ መዛሙርቱን ላስደነገጠው ድምፅ መታሰቢያ እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ፤ ይህን በገበያ የተገዛ ጅራፍ ይዞ የሚሰማ ልጅና ልጡን ራሱ ልጦ፣ ራሱ ገምዶ፣ ሦስቴ ሳይጮኽለት በአራተኛው ያስጮኸ ልጅ እኩል አይሰሙትም። ለእጃቸው እንዲመች ልጡን ማታውኑ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ሲያስጮኹ ግን ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ይሁን፤ ትንሹንም ከኋላ እንዳያቆሙት፤ ጅራፍ ወደ ኋላም ይመታል።